የጆርጅ ኢስታም ክስና የተጫዋቾች ማኅበር

የኒውካስል ዩናይትዱ ጆርጅ ኢስታም እ.ኤ.አ. በ1960 አዲስ ውል አልፈርምም አለ። ክለቡ የሰጠውን መኖሪያ ቤት አልወደደውም፤ ከኳሱ ጎን የተገኘለት ሥራም አላረካውም። ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ ቢል አይሆንም ተባለ። ዛሬ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ማንንም ሳያስፈቅድ ይሄዳል። ያኔ ግን ውሉ ቢያልቅም ምዝገባው በክለቡ እጅ ይቀር ነበር። ክለቡ ካልለቀቀው ደመወዝ ሳይከፍል ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ ተጫዋቹም በሊጉ ለሌላ ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር። ኢስታም ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወርዶ ቡሽ መሸጥ ጀመረ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ደጃፍ የደረሰ ተጫዋች ነበር።

ተጫዋችን በምዝገባ አስሮ የማስቀረቱ አሠራር በ1890ዎቹ የተዘረጋ ነው። ሀብታሞቹ ክለቦች ጥሩ ጥሩውን እንዳይጠራርጉ ይከላከላል ይባል ነበር። በ1901 ደግሞ ከሳምንት 4 ፓውንድ በላይ መክፈል ተከለከለ። ተጫዋቹ ጭማሪ መጠየቅ አይችል፣ ጥሎ መሄድ አይችል። በታኅሣሥ 1907 የዌልሱ የክንፍ ተጫዋች ቢሊ ሜሬዲትና ጓደኞቹ ማንችስተር ላይ ተሰብስበው ማኅበር ያቋቋሙት ለዚህ ነው።

የአገሪቱ እግር ኳስ የበላይ አካል ኤፍኤ በ1909 ከማኅበሩ የማይወጣ ተጫዋች ይታገዳል ሲል አስታወቀ። ብዙዎች ፈርተው ወጡ። የማንችስተር ዩናይትድ ተጫዋቾች ግን የኤፍኤ ዋንጫን ባነሡበት በዚያው ዓመት አንወጣም አሉ። ደመወዛቸው ተቋርጦ፣ ከክለባቸው ሜዳ ርቀው ለብቻቸው ልምምድ ሠሩ፤ በአምበላቸው በቻርሊ ሮበርትስ መሪነት «የተባረሩት» የሚል ሰሌዳ ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ኤፍኤ ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጠ። የደመወዝ ጣሪያው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በ1912 ሄርበርት ኪንጋቢ የተባለ ተጫዋች ክለቡ አስቶን ቪላ ስላስቀረው ከሰሰውና ተሸነፈ፤ ወጪውን የሸፈነው ማኅበርም ካዝናው ሊራቆት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጉዳዩን ደፍሮ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስድ ጠፋ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የፉልሃሙ ጂሚ ሂል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ጣሪያው 20 ፓውንድ በነበረበት በ1960 ኅዳር ተጫዋቾቹ በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በማንችስተር ስለ ሥራ ማቆም አድማ መከሩ። ማንችስተር ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ አባቴ ማዕድን ቆፋሪ ነው፣ የሚያገኘው ከእኔ ያነሰ ነው፣ ታዲያ ምን ብለን እናማርራለን አለ። የሚያሳፍር ጥያቄ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ከሠራተኛ ቤተሰብ የወጡ ነበሩ። የመለሰለት ራሱ ጉድጓድ ገብቶ የቆፈረው የቦልተኑ ቶሚ ባንክስ ነው። የማዕድኑን መከራ አውቀዋለሁ፤ ግን አባትህ ሲቆፍር ለማየት ሠላሳ ሺህ ሰው ከፍሎ አይገባም፣ እኔ ስታንሊ ማቲውስን ሳቆም ለማየት ግን ይገባል አለው። ዝነኛው የክንፍ ተጫዋች ማቲውስ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስለ ኳስ ተጫዋች ደመወዝ ከተባለው ሁሉ ይህን ያህል ቅርብና እውነተኛ ነገር አላውቅም። አድማው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 18 ቀን 1961፣ ሊጉ ጣሪያውን ለማንሣት ተስማማ። የእንግሊዝ አምበል የነበረው ጆኒ ሄይንስ ፉልሃም ውስጥ በሳምንት 100 ፓውንድ መቀበል ጀመረ።

ጋዜጦች የጻፉት ስለ ሄይንስ 100 ፓውንድ ነበር። የተጫዋቹ ትልቁ ችግር ግን ገና አልተነካም፤ የምዝገባውን ጉዳይ በተመለከተ ክለቦቹ ወዲያው አፈገፈጉ። ደመወዙ የፈለገውን ያህል ቢያድግ፣ መሄድ የማይችል ሰው የሚደራደረው በአሠሪው ቸርነት ነው። ማኅበሩ ይህን ተረድቶ ወደ ኢስታም ዞረ።

ኢስታም በዚህ ጊዜ ችግሩ ተፈቶለት ነበር። ኒውካስል በ1960 መጨረሻ ገደማ ለአርሰናል በ47,500 ፓውንድ ሸጦታል። በኒውካስል ላይ የመሠረተውን ክስ ትቶ ኳሱን ቢጫወት ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ክሱን ገፋበት፤ ወጪውን ማኅበሩ ሸፈነ፤ በዋና ጸሐፊው በክሊፍ ሎይድ ላይ ደግሞ የምስክርነቱ ሸክም ወደቀ። ሎይድ ራሱ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ የእያንዳንዱን አባል ውልና አቤቱታ ለዓመታት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ዳኛው ዊልበርፎርስ የባለሙያ ተጫዋቾችን እውነተኛ ጥቅም ከሌሎቹ ምስክሮች ሁሉ ይበልጥ የተረዳ ብለው መሰከሩለት። የክለብ ሊቀ መናብርት በነበሩበት ችሎት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ1963 የተሰጠው ፍርድ፣ ውሉ ያለቀን ተጫዋች አስገድዶ ማስቀረት የሰውን የመሥራት ነጻነት ያለ አግባብ የሚገድብ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ክለብ ተጫዋቹን ማስቀረት ከፈለገ ከቀድሞው ያላነሰ ክፍያ ማቅረብ ግድ ሆነበት፤ አለመግባባቱንም ገለልተኛ አካል ይዳኘው ጀመር። የዝውውር ክፍያ ግን አልቀረም። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ራሱ ቀጣዩን ክለቡን የመምረጥ መብት ያገኘው በ1978 ነው፤ ለዚያም ሎይድ በዋና ጸሐፊነቱ ወንበር ላይ ሆኖ ሲደራደር ቆይቷል። በ1995 ደግሞ ቤልጅየማዊው ዣን-ማርክ ቦስማን የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ያለ ክፍያ እንዲዘዋወር አስፈረደ።