ማጠፍና መዘርጋት

እንጅባራ ላይ እንግዳ ስለ አገሩ ሲጠይቀን «ሰባት ቤት አገው» እንለዋለን። ባንጃን፣ አንከሻን፣ ዚገምንና ሌሎቹን በአንድ ስም አጠፍናቸው ማለት ነው። ከጠየቀን አንድ በአንድ እንዘረጋለታለን።

ኮድ የሚጽፉ ጓደኞቻችን የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። በኤዲተሩ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲነኩ መቶ መስመር የፈጀው ፈንክሽን ይሰበሰብና ስሙ ብቻ ይቀራል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይምሰላችሁ። ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማውዝን በአደባባይ ሲያሳይ፣ እዚያው መድረክ ላይ የገበያ ዝርዝርም ጻፈ። ዕቃውን በየዓይነቱ መደበና ዝርዝሩን አጥፎ ርእሶቹን ብቻ አስቀረ። ዳንግላ ገበያ የምትወርድ እናትስ «የወጥ»፣ «የቡና» እያለች በልቧ የምትይዘው እንዲሁ አይደል?

ስክሪኑ ጠባብ ለሆነ ላፕቶፕ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሺህ መስመር ያለው ፋይል ማውጫ እንዳለው መጽሐፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ስህተትም አብሮ ይታጠፋል። ከዓይናችን የተሰወረውን መስመር ኮምፒውተሩ አይዘለውም፤ ያስኬደዋል።

ማጠፍ የሚጠቅመው መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው። ሰባቱን ቤት መዘርዘር ያቃተን ቀን፣ በእጃችን የሚቀረው ርእስ ብቻ ነው።