የቀለም እርከን (በዲጂታል ቪዲዮ)

የቀለም እርከን ቀስ በቀስ መለወጥ የሚገባው ቀለም በግልጽ ተለይተው በሚታዩ ሰንበሮች ተከፋፍሎ የሚወጣበት የቪዲዮ ጉድለት ነው። በአመሻሽ ሰማይ፣ በጭጋግ ወይም አንድ መብራት ባረፈበት ባዶ ግድግዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ዛፍና ሕዝብ በሞላበት ምስል ላይ ግን ዓይን እምብዛም አያስተውለውም።

መነሻው የደረጃ ማነስ ነው። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ሲኖረው፣ ባለ 10 ቢቱ 1024 አለው። በ1920 ፒክስል ስፋት ላይ የሰማዩ ቀለም ከዳር እስከ ዳር በ20 ደረጃ ብቻ ቢለዋወጥ፣ እያንዳንዱ ሰንበር ወደ 96 ፒክስል ይሰፋል። እንደ ኤች 264 ያለው መጭመቂያም ሰንበሩን ሊሸፍን የሚችለውን ደቃቅ ነቁጥ እየጠረገ ያባብሰዋል።

ብዙ አዘጋጆች ችግሩን እንዳዩ ቢትሬት (ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበውን የዳታ መጠን) ለመጨመር ይቸኩላሉ። ይህ የሚረዳው ጉድለቱ ኤክስፖርት ሲደረግ የመጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ የጠፋ ደረጃን አይመልስም። ስለዚህ አስቀድሞ ዋናውን ፋይል፣ ከዚያም የተቀነባበረውን በሌላ ስክሪን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ ጥፋተኛው ስክሪኑ ራሱ ነው። ሰንበሩ በቅንብር ወቅት ከተፈጠረ፣ ለምሳሌ በአፍተር ኢፌክትስ ፕሮግራም፣ ፕሮጀክቱን ከ8 ወደ 16 ቢት ማሳደግ ይበጃል። ዋናው ቀረጻ ላይ ካለ ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ዲባንድ ማጣሪያ ያለሰልሰዋል፤ ስስ ግሬይን (ደቃቅ ነቁጥ) መጨመርም ጠርዙን ይሰብራል።