ፒታጎራስና የሦስት ማዕዘን ጎኖች

የፒታጎራስን ስም ሳይሰማ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ሰውየው ማን እንደ ነበረና ስለ ሦስት ማዕዘን ጎኖች በእርግጥ ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ይህንኑ በአጭሩ ልንጽፍ አሰብን።

ፒታጎራስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 ዓመት ገደማ ሳሞስ በምትባል የግሪክ ደሴት ተወለደ። ኋላም ወደ ደቡብ ኢጣልያ ተሻግሮ በክሮቶን ከተማ ደቀ መዛሙርት ሰበሰበ። ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ግን አንድም አልተገኘም፤ የምናውቀው ሌሎች ስለ እርሱ የጻፉትን ነው።

በስሙ የሚጠራው ሕግ የታወቀ ነው። ከሦስቱ ማዕዘኖች አንዱ 90 ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ቢደመሩ፣ ረጅሙ ጎን በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር ይተካከላሉ። 3፣ 4 እና 5 ምሳሌ ናቸው፤ 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ነውና። ሆኖም ይህን መጀመሪያ ያገኘው ፒታጎራስ ነው ማለት አይቻልም። እርሱ ከመወለዱ ከ1,000 ዓመት በላይ አስቀድሞ የባቢሎን ጸሐፊዎች እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በሸክላ ጽላት ላይ ቀርጸው ነበር። በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ጽላት ላይ በባቢሎን አጻጻፍ 119 እና 169 ይታያሉ፤ ሦስተኛው ጎን 120 መሆኑን አንባቢያችን አባዝቶ ይመልከት። እዚያው 12,709 እና 18,541 አሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር በግምት አይገኝም።

እንግዲህ ለግሪኮቹ ምን ቀረላቸው? ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፕሮክሎስ፣ ጎኖቹን ማግኛ አንድ ዘዴ ከፒታጎራስ እንደ መጣ ይነግረናል። ከ3 ጀምሮ ያለ አንድ ጎዶሎ ቁጥር እንውሰድ፤ ይህ አንዱ ጎን ነው። በራሱ አባዝተን 1 ቀንሰን ለ2 ብናካፍል ሁለተኛው ጎን ይወጣል፤ በዚያ ላይ 1 ብንጨምር ረጅሙን እናገኛለን። በ7 ብንጀምር 24 እና 25፣ በ9 ብንጀምር 40 እና 41 ይሆናል። ዘዴው ማለቂያ የለውም።

ችግሩ የመጣው እጅግ ቀላል ከሆነው ሦስት ማዕዘን ነው። የፒታጎራስ ተከታዮች ዓለም ሁሉ በሙሉ ቁጥሮችና በንጽጽራቸው የቆመ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ አጫጭር ጎኖች 1 እና 1 ሲሆኑ ግን ረጅሙ በራሱ ተባዝቶ 2 መስጠት አለበት። ይህ ቁጥር የቱ ነው? 7 ለ5 ተካፍሎ ጥቂት ያንሳል፤ 17 ለ12 ተካፍሎ ጥቂት ይበልጣል። ባቢሎናውያን ከዚህ አብልጠው እጅግ ተጠግተውት ነበር። ግሪኮች ግን በክፍልፋይ ከቶ እንደማይደረስበት አረጋገጡ፤ እስከ መጨረሻው የተቃለለ ክፍልፋይ አለ ብንል፣ ላይኛውም ታችኛውም ቁጥር እንደገና ለ2 የሚካፈል ሆኖ ይገኛልና። ምስጢሩን ያወጣው ሰው በባሕር ሰጠመ የሚል ወሬ አለ፤ እኛ እንደ ተረት ቆጥረነዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ኤውክሊድ በታላቁ የጂኦሜትሪ መጽሐፉ፣ በመጀመሪያው ክፍል በ47ኛው ቁጥር፣ የጎኖቹ ርዝመት ሙሉ ቁጥር ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ፣ 90 ዲግሪ ላለው ለማንኛውም ሦስት ማዕዘን ሕጉን አረጋገጠ።