የደም ረዳት ታሪክ

በሽታን ድል ባደረገ ደም ውስጥ ምን ኃይል እንዳለ ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ከእነርሱም አንዱ ቤልጅካዊው ሐኪም ዡል ቦርዴ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲቱት ሳለ፥ የኮሌራን ጀርም የሚገድለውን፥ ሴረም የሚባለውን የደም ውሃ በ55 ዲግሪ ቢያሞቀው ኃይሉ ጠፋ። ነገር ግን ካልተከተበ እንስሳ የተገኘ፥ ያልሞቀ ሴረም ጥቂት ቢጨምርበት ኃይሉ ተመለሰ።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮች እንደሚተባበሩ ታወቀ። አንደኛው በክትባት የሚገኝና ሙቀትን የሚችል ፀረ አካል ነው፤ ሁለተኛው ሳይከተቡም በደም ያለ፥ ሙቀት የሚያጠፋው ረዳት ነው። ይህንንም ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ «ኮምፕሌመንት» ማለት «አሟይ» ብሎ ሰየመው።

በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አገር ሉዊስ ፒለመር፥ አሟዩ ያለ ፀረ አካልም ሥራውን ሊጀምር እንደሚችል ገለጸ። ብዙዎች አላመኑትም፤ እርሱም በ1957 ሞተ። እውነቱ የእርሱ መሆኑ የተረጋገጠው ከሞተ በኋላ ነው።

አሟዩ ከ30 የሚበልጡ ፕሮቲኖች ኅብረት መሆኑ ዛሬ ታውቋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሲጐድሉ ሰው በማጅራት ገትር በቀላሉ ይጠቃል፤ ያለ ልክ ሲሠሩም የገዛ አካልን ይጐዳሉ።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አዲስ አሳብ ስንሰማ፥ ከመናቃችን በፊት መመርመር ይገባናል።