የሰው ሬቲና
ሞዴል፤ ከእውነተኛው እጅግ ጎልቶ የተሠራ

የዓይንን ውስጣዊ ጀርባ የሚሸፍነው ይህ ስስ የነርቭ ንጣፍ ሬቲና ይባላል። የሬቲና ሦስት የሴል ድርድሮች በፅንሱ ውስጥ ከአንድ ዓይነት እናት ሴሎች ይወለዳሉ፤ ጋንግሊዮን የተባሉት ሴሎች ይቀድማሉ፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩን ዘንግ ሴሎች ዘግይተው ይመጣሉ።

ይህን የአወላለድ ተራ ከሚያስጠብቁት መካከል ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ይገኙበታል። 22 ያህል የኬሚካል ፊደላት ብቻ ያሏቸው እነዚህ ቁራጮች መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ ተጣብቀው ፕሮቲን እንዳይሠራ ይገታሉ። ሚር-204 በተባለው ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሬቲና ሊመነምን ይችላል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞች በሕሙማን ዓይን ውስጥ የሚመረምሩት ይህንኑ ንጣፍ ነው። በዘር የሚተላለፍ የዓይን ሕመም እርግማን አይደለም፤ ከእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ለውጦች ይነሣል። ወላጆች ልጃቸውን ሳይደብቁ በጊዜ ያስመርምሩ።