ከባልትና ክፍል ወደ አርሊንግተን ሆል

አሜሪካዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ልብ ወለድ ዋናዋ ባለታሪክ ሚስስ ፖሊፋክስ ይባላሉ። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ኑሮ የሰለቻቸው ባልቴት ናቸው። ሲ.አይ.ኤ. ሄደው በስለላ ካልሠራሁ ይላሉ፤ ማንም ስለማይጠረጥራቸውም ይሳካላቸዋል። ታሪካቸው እስከ 2000 ድረስ በ14 መጻሕፍት ቀጥሏል።

ከሲ.አይ.ኤ. ዋና መሥሪያ ቤት ብዙም በማይርቀው አርሊንግተን፣ ይህን የመሰለ እውነተኛ ታሪክ ከመጽሐፉ ቀድሞ ተፈጽሟል። አርሊንግተን ሆል የሴቶች ኮሌጅ ነበር። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ወሰደውና የምስጢር መልእክት መፍቻ አደረገው። ወንዶቹ በመዝመታቸው ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ወደቀ፤ ብዙዎቹ ከትንንሽ ከተሞች የመጡ መምህራን ነበሩ። ሥራቸውን ለሚጠይቅ ሰው ተራ የቢሮ ሠራተኞች ነን ይሉ ነበር። በኤፕሪል 1943 የጃፓን ጦር ማመላለሻ መርከቦች ኮድ እዚያ ተፈታ፤ የመርከቦቹ ጉዞ እየታወቀ በሰርጓጅ መርከብ ይመቱ ጀመር።

ከመምህራኑ አንዷ ጂን ግራቢል ናቸው። የቨርጂኒያ ገጠር ተወላጅ ሲሆኑ ባልትና ያስተምሩ ነበር። አባታቸው ለስድስት ወር ወረቀት ብታገላብጥ ግድ የለም ብለው ወደ አርሊንግተን ሆል እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1943፣ በ22 ዓመታቸው፣ በኋላ «ቬኖና» የተባለውን የሶቪየት ቴሌግራሞችን የመፍታት ሥራ ጀመሩ።

ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። በሶቪየቶች ዘዴ ቃሉ በቁጥር ይተካል፤ በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማገልገል ከሚገባው ሰንጠረዥ ሌላ ቁጥር ይደመርበታል። በጦርነቱ ጥድፊያ ግን አንዳንድ ሰንጠረዦች በድጋሚ ታተሙ። መግቢያ ቀዳዳ የሆነው ይህ ስህተት ነው። በ1946 መጨረሻ የቋንቋ ሊቁ ሜሬዲዝ ጋርድነር የአቶሚክ ቦምብ ተመራማሪዎች ስም የሰፈረበትን መልእክት አነበቡ። በጠቅላላው 3,000 ገደማ መልእክቶች በሙሉም በከፊልም ተፈተዋል።

የስድስት ወሩ ሥራ 35 ዓመት ያህል ፈጀ። ወጣቷ መምህርት ጎልማሳነታቸውን በዚያው ምስጢር አሳልፈው በ1978 ጡረታ ወጡ። ቬኖና በ1980 ተዘጋ፤ ለሕዝብ የተገለጠው ግን በ1995 ነው። ግራቢል በ2015፣ በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ በአርሊንግተን ሆል ግቢ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ይገኛል። እዚያ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።