በትምህርት ቤት ያልተሰጠው እንግሊዝኛ

የባዕድ ቋንቋ ሊማር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና የትሕትናውን ቃል ነው፤ ሽንትንና ዓይነ ምድርን፣ ከሆድ የሚወጣውንም ነፋስ፣ ሕዝቡ በመንገድ የሚጠራባቸው ጸያፍ ቃላት ግን ከመምህሩ አንደበት ስለማይወጡ፣ ተማሪው ብዙ ዓመት ደክሞ በአደባባይ በቆመ ጊዜ ከሚሰማው ነገር አንዱን እየያዘ ሌላውን ይጥላል። በአዲስ አበባ ይህን ጉድለት ሲሞላ የኖረው አራዳ ነውና፣ ታሪኩ ሊጻፍለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል የነበረው የአራዳ ገበያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሕንዱና አርመኑ፣ ግሪኩና ዐረቡ ከአገሬው ጋር የሚገበያይበት ስፍራ ስለነበረ፣ ልሳናት በዚያ ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ ይለመዱ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛንና ጣልያንኛን ሲያስተምር፣ የተፈለገው ለመንግሥት ሥራ የሚበቃ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርና ጸያፉ ቃል በዚያ ስፍራ አልነበረውም። እስከ ጣልያን ወረራ ዘመን ድረስ በቤተ መንግሥትም በትምህርት ቤትም የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር። ጣልያንም በተራው ገበያውን ወደ መርካቶ አዛውሮ፣ ለቀድሞው ስፍራ ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶ ሄደ፤ ገላችንን የምንታጠብበትን ክፍል ባኞ ቤት ማለታችንም ከእርሱው ቋንቋ የቀረ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መናገሻ ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በነፃነቱ ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር አጋር ስለነበረ፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን መንበር ወረሰ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር በኮርያ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲዋጋ፣ የወታደር አነጋገር በየትም አገር ምን ዓይነት እንደሆነ ለሚያውቅ ሁሉ፣ የእኛ ዘማቾች በዚያ ምን ሲሰሙ እንደከረሙ መገመት አያዳግትም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር የሚታየው ፊልም፣ ውቤ በረሃ በተባለው የመሸታ ሰፈር የሚያመሸው የውጭ አገር ሰው፣ ይህ ሁሉ ለአራዳ ልጅ ጆሮ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ።

ጆሮ ብቻውን ግን ያስታል። እንግሊዞች ከሽንት የተገኘውን «ፒስድ» የሚለውን ቃል ስለ ሰካራም ሲናገሩ፣ አሜሪካውያን ያንኑ ቃል ስለ ተቈጣ ሰው ይናገሩታል፤ ያንኑ ሽንት «መውሰድ» ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሰው ላይ ማላገጥ ማለት ነው። እንግዲህ ከሁለቱም አገር መምህራን የተማረ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ከቃሉ ሥር ተነሥቶ ትርጓሜውን ሊደርስበት ከቶ እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደተናገረው የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

የቃል ክብርም ከዘመን ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በእኛ አነጋገር ሳኦል ወገቡን ሊሞክር ወደ ዋሻ የገባበትን ታሪክ የዕብራይስጡን ዘይቤ ተከትሎ እግሩን ሊሸፍን ገባ ብሎ በጨዋ ቃል ሲሰውረው፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ በዳዊትና በናባል ታሪክ፣ ዛሬ እንግሊዛዊ በእንግዳ ፊት የማይደፍረውን የሽንት ግስ ያለ ሐፍረት አስቀምጦታል። በቤተ ክርስቲያን ይነበብ የነበረው ቃል ዛሬ የመጠጥ ቤት ቃል ሆነ። ይህን ሳስብ ጸያፍ የሚባለውን ሁሉ ከተማሪ መሰወር ጥበብ ነው ለማለት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እኛስ ብንሆን? ዓይነ ምድር፣ እዳሪ፣ ውጭ መውጣት እያልን ነገሩን በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ዕቃ የምናሳልፍ ሕዝብ ሆነን ሳለ፣ ሽማግሌው በሸንጎ ተቀምጦ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ሲል ማንም አያፍርም፤ የተሰወረ ነውር ያለበት ሰው በድፍረት ሊነሣ እንደማይችል የሚገልጽ ምሳሌ መሆኑን ሁሉ ያውቃልና። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ያንን አንድ ቃል መምህሩ አፍሮ ቢደብቅበት፣ የምሳሌው ጥበብ ለዘላለም ይሰወርበታል።

አራዳ የሰፈር ስም መሆኑ ሳይቀር የብልህ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው፣ ልጆቹ የተባለውን ብቻ ሳይሆን የታሰበውንም ስለሚሰሙ ነው። ነገር ግን ይህ ዕውቀት በመንገድ ዳር የሚለቀም ሆኖ ስለቀረ፣ ያገኘው ያለ ቦታው ይናገረዋል፤ ያላገኘው ደግሞ ሲሰደብ ፈገግ ይላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራንና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሆይ፣ እነዚህን ቃላት ለሚናገራቸው ሳይሆን ለሚሰማቸው ተማሪ ስትሉ፣ ለበሰሉት ክፍሎች ከነትርጓሜያቸውና ከነክብደታቸው ጻፉላቸው፤ የትኛው ለሕፃን፣ የትኛው ለሐኪም፣ የትኛው ለጠብ እንደሚነገር ለይታችሁ አስረዱ።